አንቱ ልበልህ አንተ?

ጥያቄው የተጠየቀው ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲንጣጣ በሚውል አንድ የቀበሌ አዳራሽ ነው። የሴፍቲኔት፣ ምግብ የሚያጥረው ቤተሰብ የሚደገፍበት መርሐ ግብር፣ ተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር የሚነበብበት ቀን ነበር። ከፊት ባለው ጠረጴዛ የወረዳው አስተዳዳሪ፣ የቀበሌው ሊቀመንበርና ከግብርና ጽሕፈት ቤት የመጣ ባለሙያ ተቀምጠዋል። ዝርዝሩ ተነብቦ እንዳለቀ አንዲት እናት ከኋላ ተነሡ፤ ነጠላቸውን አጣፉና አስተዳዳሪውን ትክ ብለው አዩት።

«ልጄ፣ አንቱ ልበልህ አንተ?»

ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። «አንተ ከሆንክ ስሜ ለምን እንደወጣ ንገረኝ። አንቱ ከሆኑ ማመልከቻ ላጽፍ።»

አስተዳዳሪው የዚያው ወረዳ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለ የተማሪዎች ኅብረት መሪ ነበር። ለክረምት እረፍት ሲመጣ በዚሁ አዳራሽ ቆሞ «የድሃ ስም እየተፋቀ የዘመድ ስም ይጻፋል» ብሎ የተናገረ፣ በዚህም የተነሣ ጥርስ የተነከሰበት ልጅ ነው። ያን ጊዜ ሴትየዋም ጎረቤቱም «አንተ» ነበር የሚሉት። አሁን የሰጣቸው መልስ ሦስት ቃል ነው፦ «እናቴ፣ ኮታው ነው።»

ይህ መልስ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። ዋሽቷል ማለት አልችልም፤ ኮታ በእርግጥ አለ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ጠቅሼ፣ እሱም እንደ ሌሎቹ ሆነ ብዬ መገላገልም እችል ነበር። ግን የበላ ሰው አይደለም። የሚኖረው በኪራይ ቤት ነው፤ ያንኑ የተማሪነት ጃኬቱን ለብሶ ነው የመጣው። ታዲያ ምን ነካው? ከተማሪ ንቅናቄ ተነሥቶ የክልል ፖለቲከኛ የሚሆን ሰው መንገዱ ላይ የቱ ጋ ሲደርስ ነው «አንተ» ቀርቶ «አንቱ» የሚሆነው? ብዙዎቻችን ምርጫው ወይም ሹመቱ ላይ ነው እንላለን። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መታጠፊያው ስም ዝርዝሩ ላይ እንደሆነ አምናለሁ።

ስቴንስል ያስተማረው

ወሎ ውስጥ የተማሪ ፖለቲካ ሲነሣ ወሬው ደሴ፣ ወይዘሮ ስሕን ትምህርት ቤት መድረሱ አይቀርም። በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም የተሰየመው ይህ ትምህርት ቤት የተማሪው ንቅናቄ ታጋይ የነበረውን ዋለልኝ መኮንንን አስተምሯል። ዋለልኝ ኅዳር 8 ቀን 1962 ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፋት ጥቂት ገጽ በተማሪዎች መጽሔት ወጣች፤ የተጻፈችውም በእንግሊዝኛ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1965 አውሮፕላን ለመጥለፍ ሲሞክሩ ከጓዶቹ ጋር ተገደለ። ከሰባቱ የተረፈችው ታደለች ኪዳነ ማርያም ብቻ ናት። ዛሬ ክልል የምንለው አደረጃጀት በተነሣ ቁጥር ያቺ ጽሑፍ አብራ ትነሣለች፤ እሱ ግን አንድም ቀን ወረዳ አላስተዳደረም፣ አንድም የድሃ ስም ዝርዝር ላይ አልፈረመም። ወሎ ላይ የወደደውም የረገመውም ሰው እንደ ቤቱ ልጅ «አንተ» ብሎ የሚሟገተው ለዚህ ይመስለኛል። አንቱ የሚያሰኝ ወንበር ላይ ሳይቀመጥ አለፈ።

የዚያ ትውልድ የፖለቲካ ትምህርት ቤት ስቴንስል ነበር፤ በጽሕፈት መኪና ተመትቶ ማባዣ ላይ የሚለጠፈው ሰም የተቀባ ወረቀት። ሥራውን የሠሩ ሰዎች ዛሬም በእጃቸው እያሳዩ ይናገሩታል። መጀመሪያ የጽሕፈት መኪናውን ሪባን ከመንገድ ታወጣለህ፤ ብረቱ ሰም የተቀባውን ወረቀት በቀጥታ እንዲመታ። የአማርኛ መኪና ላይ አንዱን ፊደል ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሁለቴ መምታት ግድ ነው፤ አንዴ አካሉን፣ አንዴ ቅጥያውን። አጥብቀህ ከመታህ የ«ዐ» እና የ«ው» ክብ ተቦድሶ ይወድቅና ሲታተም ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ካላላህ ቀለሙ አያልፍም። የተሳሳተውን በማረሚያው ፈሳሽ ትደፍናለህ፣ በትንፋሽህ ታደርቃለህ፣ እንደገና ትመታለህ። ከዚያ ማባዣው ላይ ሳይጨማደድ መለጠፍ አለ፤ አንዲት ሽብሽብ ካለችው በየገጹ ጥቁር መስመር ይወጣል፤ ያ መስመር ደግሞ ወረቀቱ ከየትኛው ማሽን እንደወጣ ለፈላጊ ሊናገር ይችላል። ወረቀቱን ማደል ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ ጭንቅ ነው።

ይህን የማወራው ለትዝታ ብዬ አይደለም። መሣሪያ ሰውን ይቀርጻል። በአንድ ገጽ፣ በአንድ ሌሊት ተመትቶ የሚያልቅ ጽሑፍ ጸሐፊውን ሁለት ነገር ያለማምደዋል፤ ጥፋተኛውን በስሙ መጥራትና ጥያቄውን ማሳጠር። የካቲት 1957 አደባባይ የወጣው «መሬት ላራሹ» ሁለት ቃል ነው። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል በኖረበት አገር ንጉሥን ከስሶ መሬትን መጠየቅ ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነበር፤ ብዙዎች ከፍለዋል። በ1965 የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሷቸውን የረሃብተኞች ፎቶግራፎች ግቢ ውስጥ ሲያሳዩም ተማሪው ክሱን በዓይኑ አየው። የዛሬው ተማሪ በስልኩ የሚጽፈው ጽሑፍም በባሕርዩ ያው ስቴንስል ነው፤ አጭር ነው፣ ከሳሽ ነው፣ ባለቤቱን ቶሎ ያስታውቀዋል።

ስቴንስል የማያስተምረው አንድ ነገር አለ። አንዲት እርሻና ሁለት አራሽ ሲኖሩ ለየትኛው?

ገመድ የያዘ ተማሪ

ይህ ጥያቄ የተማሪውን ትውልድ ፊት ለፊት የገጠመው በ1967 ነው። የእድገት በኅብረት ዘመቻ ታኅሣሥ ውስጥ ታወጀ፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ተሰማራ። ዘማቹ ገና ሰፈሩን ሳይለምድ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተደነገገ፤ የገበሬ ማኅበር ቢያንስ በ800 ሄክታር፣ በድሮው ልክ በ20 ጋሻ፣ እንዲቋቋም ታዘዘ። ትናንት መፈክር ይዞ የነበረው ልጅ ዛሬ ገመድ ጨብጦ እርሻ መሐል ቆመ።

ወሎ ላይ 800 ሄክታር ማለት ምን እንደሆነ አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል። አንዱ ጫፍ ውርጭ የሚመታው ገብስ ማሳ፣ ሌላው ጫፍ ማሽላ የሚበቅልበት ቆላ፣ መሐሉ ገደል ሊሆን ይችላል። ስፋቱ እኩል ሆኖ ዋጋው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ወንዝ ዳር ያለችውን ጥማድ አሥር ሰው ይፈልጋታል፤ ለአንዱ ስትሰጥ ዘጠኙ ያዝናል። ከረሃቡ ገና ያላገገመ ገበሬ ደግሞ መሬት ቢያገኝ በሬ የለውም። ከሳሽ ሆኖ የመጣው ተማሪ አካፋይ ሆነ፤ አካፋይ ደግሞ ዘጠኝ ሰው ሳያስቀይም አንድ ሰው አያስደስትም። ብዙ ዘማች ይህን ሳይማር ሰፈሩን ጥሎ ሄደ። የተማረውንም ቢሆን ቀጥለው የመጡት የእርስ በርስ መተላለቅ ዓመታት ጨረሱት።

ከዚያ እልቂት ከተረፉት ጥቂቶቹ ኅዳር 11 ቀን 1973 ዋግ ተራሮች ላይ የኢትዮጵያ ሕዝቦች ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄን (ኢሕዴን) መሠረቱ፤ በኋላ ብአዴን፣ ከዚያ አዴፓ ሆኖ ብልጽግና ውስጥ የከሰመው ድርጅት ማለት ነው። ከተማሪው ጥናት ክበብ አብሯቸው ወደ ጫካ የወጣ አንድ ልማድ ነበር፤ ሂስና ግለ ሂስ። ከጫካ ወደ ቢሮ ሲወርድ ግምገማ ተባለ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። በ1984 አገሩ በአዲስ ሲከለል አሥራ ሁለት አውራጃ የነበረው የወሎ ጠቅላይ ግዛት ለአማራ፣ ለአፋርና ለትግራይ ተከፋፈለ። «የወሎ ፖለቲከኛ» መሆን የሚፈልግ ሰው ከዚያ ወዲህ የክልል ፖለቲከኛ ከመሆን ሌላ መንገድ የለውም።

ጽሕፈት ቤት፣ መምሪያ፣ ቢሮ

የዛሬው መሰላል በሦስት ቃል ይነበባል። ወረዳ ላይ ጽሕፈት ቤት፣ ዞን ላይ መምሪያ፣ ክልል ላይ ቢሮ ይባላል። የሰውየው ማዕረግ ከየትኛው ቃል ጋር እንደሚጠራ ከሰማህ የት እንደደረሰ ታውቃለህ።

አወጣጡ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ልጁ ግቢ ውስጥ ስለ ምግብ ቤቱ እንጀራ፣ ስለ ውኃ መጥፋት፣ ስለ መኝታ ክፍል ከተማሪዎች ዲን ጋር ይከራከራል። እዚያ የሚማረው ቁም ነገር አለው፤ ስብሰባ መምራት፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የተቆጣ ሰው ሳይበተን ማናገር። ፓርቲው ይህን ያያል፣ ቅጽ ያስሞላዋል። ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ወጣቶችና ስፖርት ወይም ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ይገባል፤ ሁለቱም ተናጋሪ ሰው የሚፈልጉ ቦታዎች ናቸው። ከዚያ የፓርቲው ጽሕፈት ቤት፣ ቀጥሎ ምክትል አስተዳዳሪ፣ ቀጥሎ አስተዳዳሪ። ሰፈሩ «ሹመት ያዳብር!» ይለዋል። ይህ ምርቃት ከልብ ነው፤ ልጃችን ወጣልን ማለት ነው።

ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ማግስት የሚቀርብለት ፋይል ግን ግቢ ውስጥ አይቶት የማያውቀው ነው። ወረዳው ከክልል በቀመር የሚደርሰው ጥቅል በጀት አብዛኛው ደመወዝ ነው፤ ያ አይነካም። የሚንቀሳቀሰው ከሥር የቀረችው ናት፤ በበጀት ኮድ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 ውሎ አበል። ከበጀት ዓመቱ መጀመሪያ፣ ከሐምሌ 1 ጀምሮ በየሰበቡ ትቆነጠራለች፤ ስብሰባ፣ ጉብኝት፣ የበላይ አካል አቀባበል። ግንቦት ሲደርስ የግብርና ባለሙያው ሞተር ሳይክል ያለ ቤንዚን ትቆማለች። ይህ የሒሳብ ሹሞች ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። አዳራሹ ውስጥ ከጠየቁት እናት ጋር ያለውን ዝምድና ለማየት ዝርዝሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ስም እንዴት ይገባል፣ እንዴት ይወጣል

ሴፍቲኔት በ1997 ሲጀመር የተሰጠው ተስፋ ግልጽ ነበር። በየዓመቱ ምግብ የሚያጥረው ቤተሰብ በየዓመቱ እርዳታ ከሚለምን ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ስድስት ወራት በልኩ ይደገፍ፣ ጉልበት ያለው ይሥራበት። ልኩ ሲጀመር ለአንድ ነፍስ በወር 15 ኪሎ እህል ወይም የዚያ ዋጋ ነበር፤ ሥራው ለአንድ ነፍስ በወር 5 ቀን። እርከን፣ ጎርፍ መቀልበሻ፣ ኩሬ፣ መንገድ። አቅመ ደካማው፣ አራሷና ሕመምተኛው ሳይሠሩ በቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ።

ቁጥሩ ከላይ ይወርዳል፤ ከፌዴራል ለክልል፣ ከክልል ለወረዳ፣ ከወረዳ ለቀበሌ። ቀበሌ ላይ ሊቀመንበሩ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ፣ የሽማግሌና የሴቶች ተወካዮች ያሉበት ግብረ ኃይል ይቀበለዋል። ከዚያ ወደ ጎጥ ይወርዳል። ጎጥ ላይ የተመረጡ ሰዎች ማን ስንት ወር እህል እንዳጣ፣ ማን በሬ እንዳለው፣ ማን ከከተማ ልጅ ገንዘብ እንደሚልክለት እያነሡ ስም ይጽፋሉ። ስሙ በሕዝብ ፊት ይነበባል፣ የቀረ ካለ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል፣ በመጨረሻ ቀበሌና ወረዳ ያጸድቁታል። ወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የተሻለ አሠራር ማሰብ ይከብዳል። ጎረቤትን ከጎረቤት በላይ ማን ያውቀዋል?

የሚበላሸው ግን ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ነው። ኮታው የሚቆጠረው በነፍስ ነው፤ ቅሬታ የሚነሣው በቤት ነው። እንበልና ለአንድ ጎጥ የ100 ነፍስ ኮታ መጣ። ስድስት ነፍስ ያለው ቤት በሙሉ ከተጻፈ በወር 90 ኪሎ ያገኛል፤ እስከ ስድስት ወር ከነልጆቹ ይከርማል። በዚህ ልክ ከተሄደ ግን የሚገቡት 16 ቤቶች ናቸው፤ 17ኛው ደጅ ይቀራል። ጎጡ ውስጥ የሚገባቸው 33 ቤቶች ካሉ ኮሚቴው ምን ያደርጋል? ከእያንዳንዱ ቤት ሦስት ነፍስ ብቻ ይጽፋል። ሁሉም ገባ፣ ማንም አልጮኸም፣ ስብሰባው በሰላም ተበተነ። እያንዳንዱ ቤት ግን 45 ኪሎ ይዞ ለስድስት አፍ ያካፍላል። እህሉ በወሩ አጋማሽ ያልቃል፤ ወላጆች ፍየሏን ይሸጣሉ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ከብት ይልካሉ። መርሐ ግብሩ ሊያስቀር የመጣው ይህንኑ ነበር።

ከሳሹ ተማሪ ድሮ ያየው ዘመድ የሚያስገባውን ሊቀመንበር ነው። እንዲህ ያለ ሊቀመንበር አለ፤ እሱን ማጋለጥም ተገቢ ነው። ይህኛው ጥፋት ግን ዘመድ አልፈለገም፣ ጉቦ አልፈለገም። የተፈጸመው በርኅራኄና ጩኸትን በመፍራት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ጥፋት ስቴንስል ላይ የሚመታ ስም የለም።

ሌላው ደግሞ «ምረቃ» የሚባለው ነው። አንድ ቤት ራሱን ችሏል ተብሎ ሲታመን ከዝርዝሩ ይወጣል፤ «ተመረቀ» ይባላል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን የተመረቀው ቁጥር የወረዳው ሪፖርት ላይ እንደ ውጤት ይቆጠራል፤ ውጤት ተብሎ የሚቆጠር ነገር ደግሞ ዕቅድ ይወጣለታል፤ ዕቅድ የወጣለት ነገር መሙላት አለበት። ዓምና ሁለት በግ በብድር የገዛች ሴት በጎቹን በሽታ ቢገድላቸውም መዝገቡ ላይ ባለ ሁለት በግ ናት። ትመረቃለች።

በዚህ ላይ የወሎ ሰማይ አለ። እንደ ደላንታ፣ መቄት፣ ዋድላ ያሉት ደጋዎች ኑሯቸው በበልግ ላይ ነው። ዝርዝሩ የሚዘጋው ከጥር በፊት ነው፤ በልጉ እንደከዳ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ግንቦት ላይ ነው። ያን ጊዜ ባለሙያው ቤት ለቤት ዞሮ ዝርዝሩን መከለስ ነበረበት። ሞተሯ ግን ቆማለች፤ 6217 ላይ የቀረ ብር የለም፤ በጀት ዓመቱም ሰኔ 30 ሊዘጋ ነው። ስለዚህ የጥሩ ዓመት ዝርዝር የክፉውን ዓመት ሰው ይመግባል፤ ክፉው ክረምት ሲገባ ደግሞ ስድስቱ ወር አልቋል።

አስተዳዳሪው «ኮታው ነው» ሲል ይህ ሁሉ ከኋላው ነበር። ለዚህ ነው ልወቅሰው ስነሣ እጄ የሚያጥረኝ። ግን ደግሞ ማድረግ ይችል የነበረው ነገር ነበር፤ ገንዘብም ፈቃድም የማይጠይቅ። ዝርዝሩ ሲነበብ ስም ብቻ ተነበበ። ከስሙ ጋር «በቤቱ ይህን ያህል ነፍስ አለ፣ የተጻፈው ይህን ያህል ነው» ተብሎ ቢነበብ ሸንሽኖ ማደሉ በሰው ሁሉ ፊት ይወጣ ነበር። የወጣ ሰው ስም ከነምክንያቱ ቢነገር ሴትየዋ መጠየቅ አያስፈልጋቸውም ነበር። የቀበሌው ኮታ ስንት እንደሆነ፣ አምና ስንት እንደነበረ ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ «ኮታው ነው» የሚለው ቃል መሸሸጊያ መሆኑ ቀርቶ መረጃ ይሆን ነበር። ቅሬታ ሰሚው ውስጥም ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ባይቀመጡ። ወሎ እኮ ለዚህ እንግዳ አይደለም። አበጋር፣ የወሎ ባሕላዊ የእርቅ ሽማግሌ፣ ሲሰየም ከሳሹና ተከሳሹ በሰው ፊት ይናገራሉ፣ ምክንያት ይሰማል፣ የራሱ ጉዳይ የሆነበት ሰው ዳኛ ሆኖ አይቀመጥም። ደም ያደረቀ ሥርዓት ስም ዝርዝር አያቅተውም።

ተማሪ ሆኖ ቢሆን እነዚህን ሁሉ ይጠይቅ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ታዲያ ሥልጣኑ እጁ ሲገባ ለምን አላደረጋቸውም?

ወደ ላይ የሚያይ ወንበር

ይህን ለመመለስ ማን እንዳስቀመጠው ማየት ያሻል። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ የተደረገው ሚያዝያ 2005 ነው፣ ለአምስት ዓመት። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዘመ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ወሎ ላይ ድምፅ የተሰጠው ለተወካዮች ምክር ቤትና 294 መቀመጫ ላለው የክልል ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ይህ አስተዳዳሪ የሚያስተዳድረው ሕዝብ ለወረዳው ወንበር ድምፅ የሰጠው ልጁ ገና ተማሪ በነበረበት ጊዜ ነው። ፓርቲው አቀረበው፣ ምክር ቤቱ አጸደቀው። ሴትየዋ አልመረጡትም፤ ሊሽሩትም አይችሉም።

ከወረዳ በላይ ያለው ደግሞ ይብሳል። አማራ ክልል ውስጥ የራሳቸው ምክር ቤት ያላቸው ዞኖች የብሔረሰብ አስተዳደሮቹ ናቸው፤ አዊ፣ ዋግ ኽምራና ከሚሴ ላይ የተቀመጠው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር። ደቡብ ወሎና ሰሜን ወሎ ምክር ቤት የላቸውም፤ ዞኑ የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፍ ነው፣ አስተዳዳሪውም የመምሪያ ኃላፊውም ተሿሚ ነው። ከወረዳ ወጥቶ ደሴ ወይም ወልድያ መምሪያ ላይ መቀመጥ የሚፈልግ ወጣት ለዚያ የሚያበቃውን ነገር ከሕዝብ አያገኝም። የሚያገኘው ከሪፖርትና ከግምገማ ነው።

ግምገማን የማያውቅ ሰው ስብሰባ ብቻ ይመስለዋል። ሰውየው ይነሣል፣ በራሱ ላይ ሂስ ያደርጋል፤ ከዚያ ጓዶቹ በየተራ ጉድለቱን ይቆጥሩበታል፣ ይመዘገባል፣ ደረጃ ይሰጠዋል። ጥናት ክበብ ውስጥ ሲጀመር መሪን ለማረቅ የታሰበ ነበር፤ እኩዮች እኩያቸውን ይጠይቁበታል። መስመሩ ወደ ላይ ሲዞር ግን የሚጠየቀው ጥያቄ ይለወጣል። «ለምን ሦስት ነፍስ ጻፋችሁ?» የሚል የለም። «የምረቃ ዕቅድህን ለምን 60 በመቶ ፈጸምክ?» ይባላል። «ስብሰባህ ለምን ተረበሸ?» ይባላል። ሰሌዳ ላይ ኮታውን የጻፈ አስተዳዳሪ ጩኸት ይጠብቀዋል፤ ጩኸቱ ደሴ ይሰማል፣ ከደሴ ባሕር ዳር ይሰማል። ሸንሽኖ የጻፈው ደግሞ ጸጥ ያለ ወረዳ አለው፤ ጸጥ ያለ ወረዳ ያለው ሰው መምሪያ ይሄዳል።

ርቀቱም የራሱ ነገር አለው። ደሴ ለአዲስ አበባ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ናት፤ ባሕር ዳር ለመድረስ በወልድያ፣ በጋሸና፣ በደብረ ታቦር ዞሮ ከዚያ በላይ ይነዳል፤ መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ እንኳ ቀኑን ይፈጃል። ቢሮ ላይ የተቀመጠ ሰው ያንን አዳራሽ የሚያየው በወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ «33 አባወራ ተጠቃሚ ሆነ» ይላል፤ 16 ከሚል 33 የሚል ሪፖርት ያምራል።

ለዚህ ነው የሰውየውን መለወጥ ባሕርዩ ውስጥ ብቻ ስፈልግ ያላገኘሁት። ተማሪ ሳለ የሚሰማው ከታች ነበር፤ የሚያጨበጭብለትም የሚተወውም ያው ጎረቤቱ ነው። አሁን አንገቱን ወደ ላይ ያቀና ወንበር ላይ ተቀምጧል። የ1967ቱ ዘማች ገመድ ይዞ ሲያካፍል ቢያንስ ዘጠኙ ቅር የተሰኙ ሰዎች ማታ ማታ እዚያው መንደር ያገኙታል። ይህኛው ፈርሞ በመኪና ይሄዳል። ለእሱ ያለኝ ፍቅር አልቀነሰም፤ ቁጭቴ ግን ጨመረ፤ ምክንያቱም አዳራሹ ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ ጥያቄው የገባው እሱ እንደሆነ ፊቱ ላይ አይቻለሁ። እስክሪብቶውን ሁለቴ ከፈተና ሁለቴ ዘጋ። ቀጥሎ ግን «ሌላ ጥያቄ?» አለ።

ስብሰባው ሲበተን በሩ አጠገብ ቆሞ ሰዉን ይጨብጥ ነበር። ሴትየዋ ደረሱ። እጁን ዘረጋላቸው፤ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ «በሉ ደኅና ይዋሉ» አሉት።

ደጅ ላይ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር፣ ለእረፍት የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ለሰው ማመልከቻ ይጽፋል። ሦስት ሰው ተሰልፎበታል። ሴትየዋ ተራቸው ሲደርስ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ቤት ውስጥ ስንት ነፍስ ናችሁ?» አላቸው፣ ቀና ሳይል።

«አምስት። እነሱ ሦስት ብለው ነበር የጻፉን፤ አሁን ደግሞ እሱንም ፋቁት። አንተ ብቻ አምስት ብለህ ጻፍልኝ።»